ግሸን ወጥቶ የአዲስ አበባ ዳቦ መብላት

ከዩኒቨርሲቲ በጋዜጠኝነት ተመርቄ የወጣሁ ሰሞን የመጀመሪያ ሥራዬ ምን እንደነበር ታውቃላችሁ? ስፔን ውስጥ ሳንቲያጎ ደ ኮምፖስቴላ የምትባል ከተማ ለሄደ ሰው የት እንደሚበላና የት እንደሚጠጣ መምከር! አትሳቁ። ያኔ ፓስፖርት እንኳ አልነበረኝም። ስሙን የማልጠራው አንድ ድረ ገጽ "ለአንባቢ ቀለል ያለ ነገር እንፈልጋለን" አለኝ። እኔም አራት ኪሎ አንድ ካፌ ውስጥ ተጎልቼ፣ በአንድ ማኪያቶ የሦስት ሰዓት ዋይፋይ እየተጠቀምኩ፣ ቀምሼ ስለማላውቀው የባሕር እንስሳ ጥዑምነት አንድ ገጽ ጻፍኩ። "አፍ ውስጥ ይሟሟል" ያልኩ ይመስለኛል። በማን አፍ እንደሟሟ እግዜር ይወቅ። ብቻ ጽሑፉ ወጣ፤ ተከፈለኝም።

በዚያው ዓመት መስከረም እናቴን ይዤ ግሸን ወጣሁ። ስመለስ ለዚያው አለቃዬ ደወልኩና "ግሸን የሄደ ሰው የት እንደሚበላ፣ የት እንደሚጠጣ ልጻፍልህ?" አልኩት። ከት ብሎ ሳቀ። "ግሸን ደግሞ ምን ይበላል?" አለኝ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ሳቅ የተሰጠ መልስ ነው። ዘግይቷል፤ ቢሆንም መልስ ነው። ደግሞ ለአለቃዬ ብቻ አይደለም። በየዓመቱ ለመስከረም 21 ከአዲስ አበባ የተጋገረ ዳቦና በካርቶን የታሸገ ውኃ ጭነን አምባሰል የምንገባ ሁላችን፣ እንደሱ ከት ብለን አንስቅም እንጂ፣ የምናደርገው ግን ያንኑ ነው። "እዚህ ምን ይበላል?" ብለን ሳንጠይቅ መልሱን ይዘን እንሄዳለን።

እስቲ መጀመሪያ ወደ ስፔኗ ከተማ ልመልሳችሁ። ሳልሄድ ጻፍኩ እንጂ ሳላነብ አልጻፍኩም።

የሐዋርያው እንግዶች ምን ይበላሉ?

ሳንቲያጎ ማለት የሐዋርያው ያዕቆብ አጽም አርፎባታል ተብሎ የሚታመን የተሳላሚዎች ከተማ ናት። ከመላው ዓለም ሰው በእግሩ እየተጓዘ ይሄድባታል። ከሁሉ የታወቀው መንገድ ከፈረንሳይ ድንበር ተነስቶ ወደ 780 ኪሎ ሜትር ገደማ ይረዝማል። እ.ኤ.አ. በ2024 ብቻ ጉዞውን ፈጽመው የምስክር ወረቀት የተቀበሉት ወደ 500 ሺሕ ይጠጋሉ። እንግዲህ ይህ ሁሉ ሰው ለአንድ ወርም ለሁለት ሳምንትም ሲጓዝ ምን ይበላል? የመንደሩን ነዋ!

በየመንደሩ "የተሳላሚ ምሳ" የሚባል ነገር አለ። መጀመሪያ አንድ ሳህን፣ ቀጥሎ አንድ ሳህን፣ ከዚያ ጣፋጭ ነገር፣ ዳቦና ወይን ጠጅ፤ ዋጋው የእግረኛን ኪስ የማይጎዳ። ናቫራ በሚባለው ግዛት ኢራቼ ገዳም አጠገብ ያለ አንድ የወይን ጠጅ ፋብሪካ ደግሞ እ.ኤ.አ. ከ1991 ጀምሮ ለተሳላሚ በነፃ ወይን ጠጅ የሚያፈስ ቧንቧ ተክሏል። በከተማዋ የሚሸጠው የለውዝ ኬክ ላዩ ላይ የሐዋርያው መስቀል አለበት፤ እ.ኤ.አ. በ2010 የአውሮፓ ኅብረት ስሙን በሕግ አስጠብቆለታል። ተሳላሚው መንገድ ላይ የሚያስመታው ማኅተም እንኳ ከቤተ ክርስቲያን ብቻ ሳይሆን ቡና ከጠጣበት ቤትም ይመታለታል።

ልብ በሉ! "ለጸሎት መጥተህ ትበላለህ ወይ?" ብሎ የሚቆጣ የለም። መብላቱ የጉዞው አካል ነው። ወጣቱ ወደ ከተማ እየፈለሰ ባዶ ሊቀሩ የነበሩ መንደሮች ዛሬ በራቸውን ከፍተው ያሉት ከዚህ እግረኛ በሚያገኙት ሳንቲም ነው። ሐዋርያውን ሊሳለም የመጣው ሰው መንገዱ ላይ ያለችውን ባለ ምግብ ቤትም ሳያውቅ ያኖራታል።

እኛስ?

ግሸን ደብረ ከርቤን ለእናንተ ማስተዋወቅ አይጠበቅብኝም። በዐፄ ዳዊት ዘመን ወደ አገራችን ጉዞ የጀመረው ግማደ መስቀል፣ በልጃቸው በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን በዚያች የመስቀል ቅርጽ ባላት አምባ ላይ ማረፉ ይታመናል። በየዓመቱ መስከረም 21 አገር ይነቀላል። ከአዲስ አበባ፣ ከጎንደር፣ ከመቀሌ፣ ከባሕር ማዶ ሳይቀር ሰው ይጎርፋል።

አሁን የአዲስ አበባን አውቶቡስ አብረን እንሳፈር። የጉዞ ማስታወቂያው ላይ በጉልህ "ምግብን ጨምሮ" ይላል። አውቶቡሱ ጣሪያው ላይ ድስት፣ ብረት ምጣድ፣ ሽንኩርት በጆንያ፣ ውኃ በካርቶን፣ ዳቦ በማዳበሪያ ጭኗል። አስተባባሪዎቹ አብሳይ ይዘዋል። አምባው ጋ ስንደርስ የራሳችንን ድንኳን እንተክላለን፤ ያመጣነውን እናበስላለን፤ ያመጣነውን እንበላለን፤ ያመጣነውን እንጠጣለን። ትተን የምንሄደው ምን እንደሆነ ታውቃላችሁ? ፌስታሉንና ባዶ ፕላስቲኩን። ከአዲስ አበባ ይዘን ሄደን አምባሰል ላይ የምናወርደው ዕቃ እሱ ብቻ ነው። በ2017 ዓ.ም. ፓርላማው ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ አጽድቋል፤ ገደሉ ላይ የሚንከባለለውን የውኃ ፕላስቲክ ግን አዋጅ ሳይሆን ኅሊና ነው የሚያነሳው።

የዚያን ዓመት ከድንኳናችን አሥር እርምጃ ያህል ርቀት ላይ አንዲት እናት ተቀምጠው ነበር። ፊታቸው መሶብ፣ ከጎናቸው ፍም ላይ የተጣደ ሽሮ፣ ቅቅል ድንች ከነሚጥሚጣው፣ አንድ ጄሪካን ቀሪቦ። ሴት ልጃቸው ከታች ውኃ ተሸክማ፣ ወገቧን ይዛ፣ እያለከለከች ስትወጣ አይቻታለሁ። ሰው ያልፋል፣ ያልፋል። መሶቡን ይከፍታሉ፣ ያዩናል፣ መልሰው ይከድናሉ። እኔ ዳቦዬን እየገመጥኩ ነበር። የቀትር ጸሐይ ሲጠነክር አፈርኩና ሄጄ አጠገባቸው ተቀመጥኩ።

"እናቴ፣ ገበያ እንዴት ነው?" አልኳቸው።

"ምን ገበያ አለ ልጄ፣ እናንተ ለእመቤታችን ነው የመጣችሁት፤ እኛን መች ታዩናላችሁ" አሉኝ። ምሬት እንኳ የለበትም። ዝናብ ዘነበ እንደማለት ነው የተናገሩት። ቀጥለው ሽሮውን አወጡልኝና "በይ ብይ፣ በሞቴ" አሉ። ልከፍል ስል "የመጀመሪያዬ ነሽ፣ ተመርቄብሻለሁ" ብለው ከዋጋው ቀነሱልኝ። የተቀመጥኩት ቀትር ላይ ነው። የመጀመሪያዋ እኔ ነበርኩ!

ያን ቀን የዋጥኩት ሽሮ እስከ ዛሬ ጉሮሮዬ ላይ አለ።

"ግን እኮ..." ለሚሉ

ይህን ስናገር የሚመጣብኝን አውቀዋለሁ፤ ከእናቴ ጀምሮ ሰምቼዋለሁ።

"ለበረከት እንጂ ለሆድ አልሄድንም" ይባላል። ጥሩ። ታዲያ አብሳይ ይዞ የሄደው ማነው? ክርክሩ ስለ መብላትና አለመብላት ቢሆን ኖሮ እጄን እሰጥ ነበር። እኛ እንበላለን፤ ከማን እንደምንበላ ነው ጥያቄው። ደግሞስ ከመቼ ወዲህ ነው ማዕድ ከበረከት የተለየው? ጠበል ጠዲቅ ምንድነው? የጽዋ ማኅበር ምንድነው? ጌታ የመጀመሪያ ተአምሩን የሠራው ሰርግ ቤት፣ መጠጥ ባለቀበት ሰዓት እንደሆነ የሰንበት ተማሪ ሁሉ ያውቃል።

"ስንቅ የአባቶቻችን ወግ ነው" የሚል አለ። እውነት ነው። ነገር ግን የአባቶቻችን ስንቅ በሶና ቆሎ ነበር፤ የሳምንታት የእግር መንገድ ነበር፤ ሲመሽም "የመሸበት የእግዜር እንግዳ" ብለው የማያውቁት ሰው ቤት ይገቡ ነበር። ስንቁ ከባላገሩ የሚያገናኛቸው እንጂ ከባላገሩ የሚያጥራቸው አልነበረም። እኛ አውቶቡስ ሙሉ ጓዳ ይዘን ሄደን የአባቶችን ስም አንጥራ።

"ዋጋ ይቆልሉብናል" የሚለው ደግሞ ከሁሉ ይገርመኛል። ደሴ ላይ ለበዓሉ ሰሞን አልጋ ሲወደድ "ምን ይደረግ፣ ወቅቱ ነው" ብለን የከፈልን ሰዎች፣ ውኃ በጀርባዋ ገደል ያወጣች ሴት ሽሮ ላይ ጥቂት ብር ስትጨምር "ዘረፉን!" እንላለን። ቦሌ ላይ ለአንድ ፒዛ የምንከፍለውን ማንም አይጠይቀን። ይህች ሴት ደህና ገበያ የምታገኘው በዓመት ለጥቂት ቀናት ነው። ከእነዚያ ቀናት በኋላ አምባሰል ወደ ዝምታው ይመለሳል።

"ንጽሕናውስ?" ለሚለው ግን አልቀልድም። ይህ እውነተኛ ጥያቄ ነው። በ2015 ዓ.ም. ቋራ በርሜል ጊዮርጊስ ጠበል የተሰበሰበ ሰው መሐል ኮሌራ ገብቶ ያደረሰውን እናስታውሳለን። ብዙ ሰው፣ ጥቂት ውኃ፣ ጥቂት መጸዳጃ ቤት ባለበት ቦታ ሁሉ ይህ አደጋ አለ። ነገር ግን መፍትሔው የታሸገ ውኃ ለራስ ይዞ ሄዶ ሌላውን መርሳት ነው? ኮሌራ የሚጀምረው ከማን ድንኳን እንደሆነ መርጦ አይደለም። በየዓመቱ በአሥር ሺሕ የሚቆጠር ብር ለዘይትና ለዳቦ የሚያዋጣ የጉዞ ማኅበር አንድ ዓመት ለውኃ ማጠራቀሚያና ለመጸዳጃ ቤት ቢያዋጣ፣ ያቺም ሴት እኛም እንድናለን። እስከዚያው ደግሞ ማስተዋል ይበቃል፤ ከፍም ላይ የወረደ ሽሮ፣ ከድስት የወጣ ድንች፣ የፈላ ሻይና ቡና ብሉ፣ ጠጡ። ያልፈላ ውኃ የነካውን ተጠንቀቁ። ይህን ለማወቅ ዶክተር መሆን አያስፈልግም።

ማን ጋገረው?

አንድ የሚያበሽቀኝን ነገር ልጨምር። ግሸን በዓለም መጻሕፍት ውስጥ ስሟ አለ። የነገሥታቱ ወንዶች ልጆች ዙፋን እንዳይሻሙ እላይዋ ላይ ሲጠበቁባት ኖራለች፤ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግራኝ አህመድ ጦር እስኪይዛት ድረስ። ይህ ወሬ አውሮፓ ደርሶ፣ እንግሊዛዊው ባለቅኔ ጆን ሚልተን እ.ኤ.አ. በ1667 ባሳተመው ሥራው ከገነት ጋር አነጻጽሯታል። ሳሙኤል ጆንሰንም እ.ኤ.አ. በ1759 "ራሴላስ" የሚለውን ልብ ወለዱን ሲጽፍ ከዚሁ ወሬ ተነስቶ ልዑላን ምንም ሳይጎድልባቸው የሚኖሩበት ሸለቆ ፈጠረ።

ልዑላኑን አወቅናቸው። ጠባቂዎቹንም አወቅናቸው። እነዚያን ሁሉ ሰዎች ማን እንጀራ ጋግሮ እንዳበላቸው ግን ሚልተንም አልጻፈ፣ ጆንሰንም አልጻፈ፣ የእኛም ጸሐፌ ትእዛዝ ግድ አልሰጠው። ዛሬም ያው ነው። ስለ ግሸን የምንሠራውን ዘገባ ተመልከቱ፤ የምእመኑ ብዛት፣ የባለሥልጣኑ ንግግር፣ የሆቴሎች መሙላት። የመሶቧ ሴት የለችም። ጋዜጠኛ ነኝ ባይዋ እኔም ስለ ስፔን ቧንቧ ስጽፍ ስለ ቀሪቦዋ ጄሪካን አልጻፍኩም ነበር።

የወሎ ነገር ደግሞ ይብሳል። በ1966 እና በ1977 ዓ.ም. የደረሰው ረሃብ ስሙን ከወሎ ጋር አጣብቆት ሄደ። የቅኝት እናት፣ አምባሰልንና ባቲን ለመላው አገር ያበረከተ ሕዝብ፣ በዓለም ፊት ሲነሳ እጁን ዘርግቶ ብቻ ይታያል። እንግዲህ ያ "ተራበ" የተባለ አገር፣ በዓመት አንዴ ደጁን ከፍቶ "ብሉልኝ" ሲል፣ "አይ፣ ይዘናል" ብሎ ማለፍ ምን ይባላል? ቁጠባ ነው? ለእኔ ንቀት ነው። ሳናውቀው የምንንቀው ንቀት።

ደግሞ ዝም ብሎ የተቀመጠ አገር አይደለም። በ2014 ዓ.ም. መኸር ጦርነቱ ሐይቅን፣ ውጫሌን፣ ደሴን አዳርሶ ሄዷል። ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በክልሉ በተነሳው ግጭት መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት፣ ተሳላሚው ሲቀርና ሲመጣ ከርሟል። መንገድ ሲዘጋ እኛ ቤታችን ቁጭ ብለን በቴሌቪዥን እንሳለማለን። የእሷ መሶብ ግን በቴሌቪዥን አይሸጥም። መንገዱ ተከፍቶ ስንሄድም ይዘን ከሄድን፣ ለእሷ መንገዱ ተከፈተ አይባልም።

እሺ፣ የት ይበላል?

ለአለቃዬ ቃል የገባሁት ጽሑፍ ነውና ልጻፈው።

ደሴ ስታድሩ ሰኞ ገበያ አካባቢ ወጣ በሉና ጧት ትኩስ ነገር ብሉ። ሥጋ ካማራችሁ የክርስቲያን ነው ወይስ የሙስሊም ብላችሁ ጠይቁ፤ ቤቱም ይነግራችኋል። ወሎ ይህን ጥያቄ በፈገግታ የሚመልስ አገር ነው፤ ምጣዱ ቢለይም ጀበናው አንድ ነው።

ሐይቅ ላይ ውረዱ፤ ከደሴ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወንዶች ከሆናችሁ አባ ኢየሱስ ሞአ ያቀኑትን የእስጢፋኖስን ገዳም ትሳለማላችሁ። እኛ ሴቶች አንገባም፤ እኔም አልገባሁም። ሐይቁ ዳር ቁጭ ብዬ በሚጥሚጣ የተጠበሰ ዓሣ በላሁ፤ ረቡዕም ዓርብም አልነበረም። ወንዶቹ በረከት ይዘው ሲመለሱ እኔ አጥንቱን እየጋጥኩ ነበር። አልተቆጨሁም ብል እዋሻለሁ፤ ዓሣው ግን ግሩም ነበር።

ከወልዲያ በኩል የምትመጡ ውጫሌ ላይ ቁሙ። በ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት፣ ስሟ አድዋን የወለደ፣ እኛ ግን በመስኮት ብቻ የምናያት ከተማ ናት። አንድ ሻይ ጠጡባት። ታሪክን አንብቦ ለከተማዋ አንድ ብር አለመተው ነውር ነው።

አምባው ሥርና አምባው ላይ ደግሞ ቅዳሴ እስኪወጣ ጹሙ፤ ከዚያ ድንኳን አትፈልጉ። ጭስ ያለበት ሂዱ። መሶብ የከፈተች ሴት ካያችሁ ሳትከድነው ድረሱ። ጠላ የማይስማማችሁ ቀሪቦ ጠጡ፤ ከተቆላ ገብስ የሚሠራ፣ ራስ የማያዞር፣ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ የሚጠጣው የወሎ መጠጥ ነው። እንደሱ ዓይነት መጠጥ ያለው አገር ስለ አብሮ መኖር ስብሰባ መጥራት አያስፈልገውም።

ስትመለሱ ደግሞ አትጣደፉ። እኔና እናቴ ስንወርድ እናቴ ጉልበቷ ከዳትና አንድ ደጅ ላይ ዘፍ አለች። የቤቱ እመቤት ሙስሊም ናቸው። "አብሽሪ እናቴ፣ አረፍ በይ" ብለው ቁርበት አነጠፉላት። ቡና ተቆላ። አቦሉን ጠጥተን ልንነሳ ስንል "በረካው ሳይደርስ የት?" ተባልን። ቶናውንም በረካውንም ጠጣን። እናቴ ያንን ቤት ከግሸን በረከት አንዱ አድርጋ ነው እስከ ዛሬ የምታወራው። እኔም አልከራከራትም። ያን ያህል መንገድ ሄደን ስም ጠርተን የምንመርቀው የአምባሰል ሰው ያገኘነው እዚያ ነው፤ አውቶቡሱ ያበላን ዳቦ ግን ምን እንደሚጣፍጥ አሁን አላስታውስም።

የማበቃው በልመና ነው

ዳቦውን ጨርሳችሁ ተዉት አልልም። ሕፃን ያለው አለ፣ ሕመምተኛ አለ፣ ከትራንስፖርቱ ሌላ ሰባራ ሳንቲም የሌለው አለ። ያለን ሰዎች ግን ከካርቶኑ ግማሹን እንተው። አስተባባሪዎችም "ምግብን ጨምሮ" ከምትሉ "ምሳችንን ከአምባሰል እናቶች እንገዛለን" በሉና ማስታወቂያ ላይ ጻፉት፤ አስቀድማችሁ ሰው ልካችሁ "ይህን ያህል ሰው እንመጣለን፣ ይህን ያህል እንጀራ ጋግሩልን" በሏቸው። ይህ ልመና ወይም ምጽዋት አይደለም። ንግድ ነው። ምጽዋት የሚቀበል ሰው አንገቱን ይደፋል፤ እንጀራዋን የሸጠች ሴት ግን ቀና ብላ ቤቷ ትገባለች።

የባዶ ፕላስቲኩንም ነገር አደራ፤ ሞልቶ የወጣው ባዶውን መውረድ አያቅተውም።

የስፔኗን ከተማ አንድ ቀን እሄድባት ይሆናል። ያን "አፍ ውስጥ ይሟሟል" ያልኩትን ነገር ቀምሼ፣ ዋሽቼ ከሆነ ይቅርታ እጠይቃለሁ። እስከዚያው ግን በመጪው መስከረም፣ መንገዱ ሰላም ከሆነ፣ ፍም ላይ የተጣደ ሽሮ አጠገብ ፈልጉኝ። ከመሶቡ ቀድማችሁ ከደረሳችሁ ደግሞ የመጀመሪያ እናንተ ሁኑና ተመረቁ።

ቸር ያገናኘን።